ኢልክሊ ኖሮ ለብራድፎርድ መክፈል፦ የአንድ እንግሊዛዊ «ከተማ» ወሰን ከየት እስከ የት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከለንደን ተነሥተው በሰሜን እንግሊዝ ኢልክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ አግኝተው ቤት ተከራይተዋል። የፖስታ ኮዳቸው ኤልኤስ 29 ስለሆነ ሊድስ የገቡ መስሏቸው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ የካውንስል ታክስ ወረቀት ከ«ብራድፎርድ ከተማ» መጣላቸው። ጎረቤታቸው ደግሞ «እኛ ብራድፎርድ አይደለንም» አሏቸው። «ለመሆኑ የምኖረው የት ነው? ልጄን ሁለተኛ ደረጃ የማስመዘግበው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ ወንዙ ሽታ አቤት የምለው ለማን ነው? ይህ ሁሉ ጋራና በግስ እንዴት ከተማ ይባላል?» ብለዋል።

እህታችን፣ የሚኖሩት ኢልክሊ ነው፤ የሚያስተዳድርዎ የብራድፎርድ ካውንስል (የአካባቢው ምክር ቤት) ነው፤ ሊድስ ከእርስዎ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ደብዳቤ ብቻ ነው። ወረቀቱ ትክክል ነው፤ ጎረቤትዎም ቢሆኑ አልዋሹም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የፖስታ ኮዱን ነገር እንጨርሰው። ፖስታ ኮድ ሮያል ሜል ደብዳቤ የሚለይበትና የሚያደርስበት ዘዴ ነው እንጂ የማንንም የአስተዳደር ወሰን ተከትሎ አልተሠመረም። የኢልክሊ ደብዳቤ በሊድስ በኩል እንዲያልፍ ስለተደለደለ የሊድስን ፊደል ያዘች፤ በቃ። ግልባጩም አለ። ቢዲ 23 ስኪፕተን ናት፣ ቢዲ 24 ሴትል፤ ሁለቱም የብራድፎርድን ፊደል ይዘው በሰሜን ዮርክሻየር ካውንስል ሥር ናቸው። ቢዲ 19 የሆነችው ክሌክሂተን ደግሞ የከርክሊስ ካውንስል ናት። ከእርስዎ በስተምሥራቅ ወንዙን ተከትለው ቢወርዱ ኦትሊን ያገኛሉ፤ እሷ ኤልኤስ 21 ናት፣ እንዳጋጣሚ የምትተዳደረውም በሊድስ ነው። ስለዚህ ቤት ሲከራዩ ወይም ትምህርት ቤት ሲመርጡ ኮዱን አይመኑት። መንግሥት በድረ ገጹ ላይ ኮድዎን አስገብተው ካውንስልዎን የሚያውቁበት መጠይቅ አለው፤ ሙሉ አድራሻውን ካስገቡ አይስትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዚህ አገር የአካባቢ አስተዳደር ታሪክ አንድ ቀን ብቻ መርጠህ አስታውስ ብባል ኤፕሪል 1 ቀን 1974ን እመርጣለሁ። ከዚያ በፊት ኢልክሊ የራሷ ትንሽ ካውንስል ነበራት፤ በላይዋ ደግሞ መቀመጫው ዌክፊልድ የነበረ የዌስት ራይዲንግ ካውንቲ ካውንስል ነበር። ብራድፎርድ ግን ከ1889 ጀምሮ ከካውንቲው ነፃ ሆና ራሷን በራሷ የምታስተዳድር ከተማ ነበረች። ዙሪያዋን ያሉትን መንደሮች ቀስ በቀስ ትጠቀልል ነበር፦ ኢክልስሂል፣ አይድል፣ ቶርንተንና ቶንግ በ1899፣ ክሌይተን በ1930። ኢልክሊ ግን ከዚህ ሁሉ ርቃ ከጋራው ማዶ ነበረች።

በ1972 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ያ ሁሉ በአንድ ሌሊት ፈረሰ። ብራድፎርድ፣ ኪትሊ፣ ሺፕሊ፣ ቢንግሊ፣ ቤይልደን፣ ዴንሆልም፣ ሲልስደን፣ ኢልክሊ፣ የኩዊንስበሪ አካባቢ፣ ከስኪፕተን ገጠር ተቆርጠው የመጡ እንደ አዲንግሃም ያሉ መንደሮች ጭምር በአንድ ካውንስል ሥር ታጠቃለሉ። የአዲሱ አካል ስም የትልቁ አባል ስም ሆነ። ችግሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አጠገባችን ሌላ ምሳሌ አለ፤ ሃደርስፊልድ፣ ዱውስበሪና ባትሊ ሲዋሐዱ የአንዳቸውም ስም ሳይወሰድ «ከርክሊስ» ተባለ። ቀዝቃዛ ስም ነው፣ ማንም «የከርክሊስ ልጅ ነኝ» ብሎ ሲፎክር አልሰማሁም፤ ነገር ግን በሌላው ስም ተጠራሁ ብሎ የሚያኮርፍም የለም። ብራድፎርድ ዘንድ ኩርፊያው ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

«ከተማ» የሚለው ማዕረግስ? እንግሊዝ አገር ከተማነት በሕንፃ ብዛት ወይም በሕዝብ ቁጥር አይገኝም፤ ዘውዱ የሚሰጠው ክብር ነው። ብራድፎርድ ያገኘችው በ1897 ንግሥት ቪክቶሪያ ስድሳኛ የንግሥና ዓመታቸውን ሲያከብሩ ነው፤ ኖቲንግሃምና ሃልም በዚያው ጊዜ አግኝተዋል። ካቴድራል ያለው ብቻ ነው ከተማ የሚባለው ሲሉ የሰሙ እንደሆነ፣ ብራድፎርድ ካቴድራል የኖራት ከዚያ በኋላ በ1919 ነው። በ1974 ማዕረጉ ለመላው አዲስ ወረዳ ተላለፈ። በሕግ ዓይን እንግዲህ ከኢልክሊ በላይ ጋራው ላይ የሚግጡት በጎች የከተማ በጎች ናቸው። ወረዳው ወደ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ሁለት ሦስተኛው ገጠር ነው፤ በ2021 ቆጠራ 546,400 ያህል ሰው ነበረው። ከዚህ ውስጥ ብራድፎርድ በሚባለው በተያያዘው ከተማ የሚኖረው ሦስት መቶ ሺህ አልፎ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ «ብራድፎርድ» የሚል አኀዝ ሲያዩ ከተማዋን ይሁን ወረዳውን ማጣራት አይርሱ፤ ጋዜጠኞቹም ይቀላቅሉታል።

የጎረቤትዎን ስሜት ለመረዳት ግን ሕጉን ከማንበብ ይልቅ አንድ ቀን ሥራ ሲያርፉ ካው ኤንድ ካፍ ወደሚባሉት ሁለት ዐለቶች ይውጡ። ከኢልክሊ መሀል በእግር የሚደረስ ነው፤ አንዱ ዐለት ግዙፍ፣ ሌላው ትንሽ፣ ላምና ጥጃ ማለት ናቸው። ፊትዎን ወደ ሰሜን ሲያዞሩ ከታች የዋርፍ ወንዝ ሸለቆ ይዘረጋል፤ ኢልክሊ፣ ቤን ሪዲንግ፣ ራቅ ብሎ በርሊና መንስተን። ዞር ብለው ወደ ደቡብ ሲወጡ ዛፍ የሌለበት፣ የአገራችን አስታ የሥጋ ዘመድ የሆነ አጭር ቁጥቋጦ የሸፈነው፣ እግር የሚይዝ ረግረግ ያለበት ደጋ ነው፤ ከፍታው ጫፉ ላይ 402 ሜትር ይደርሳል። ይህን ተሻግረው ሲወርዱ ሌላ ሸለቆ ይመጣል፦ የኤር ወንዝ፤ ኪትሊ፣ ቢንግሊ፣ ሺፕሊ። ብራድፎርድ እዚህም የለችም። ከሺፕሊ በስተደቡብ፣ ብራድፎርድ ቤክ የሚባል ትንሽ ጅረት በሚያፈስሰው ጎድጓዳ ውስጥ ናት። ጅረቱ ወደ ሰሜን ፈስሶ ሺፕሊ ላይ ኤርን ይቀላቀላል፤ መሀል ከተማው ላይ ግን ከመንገዱ ሥር ስለተቀበረ ሊያዩት አይችሉም።

ይህ ጅረት የብራድፎርድን ጠባይ ብዙ ይናገራል። ከተማዋ በሱፍ ፋብሪካ አድጋ በ1851 ከመቶ ሺህ ሕዝብ በላይ ስትሆን ያላት ወንዝ ያ ጅረት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ውኃ ፍለጋ እስከ ኒደርዴል ሸለቆ ድረስ ሄዳ አንግራምን በ1919፣ ስካር ሃውስን በ1936 ገደበች። የከተማዋ ኃይል ሁልጊዜ ከራሷ ጎድጓዳ አልፎ ሩቅ ይዘረጋ ነበር ማለት ነው። ዋርፍና ኤር ግን በወረዳው ውስጥ አንድም ቦታ አይገናኙም፤ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ኡዝ ወንዝን ተቀላቅለው ነው ወደ ሃምበር የሚወርዱት። የ1974ቱ ወሰን ተፋሰስ አቋርጦ ሁለት ሸለቆን በአንድ ሰነድ አስሯል።

ባቡሩ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ከኢልክሊ ወደ ብራድፎርድ ፎርስተር ስኩዌር ሲሳፈሩ ቤን ሪዲንግ፣ በርሊ፣ መንስተን ይላል፤ እስከዚህ የብራድፎርድ ወረዳ ነው። ቀጥሎ ጋይዝሊ ላይ ይቆማል፤ ጋይዝሊ የሊድስ ናት። ከዚያ ዋሻ አልፎ ቤይልደን ሲደርስ ተመልሶ ወደ ብራድፎርድ ይገባል። ከአንድ ካውንስል ሰፈር ወደዚያው ካውንስል ጽሕፈት ቤት ለመሄድ የሌላውን ካውንስል መሬት ይረግጣሉ፤ ጋራው በባቡር አይሻገርምና። ሐዲዱ ኢልክሊ የደረሰው በ1865 ነው። ከዚያ ወዲህ የብራድፎርድም የሊድስም የሱፍ ነጋዴዎች ጭሱን ሸሽተው እዚህ ቪላ ይሠሩ ጀመር። ስለዚህ «ከብራድፎርድ ጋር ምን አገናኘን» የሚሉት የኢልክሊ ሰዎች ታሪካቸውን ትንሽ ይዘነጋሉ። ያማሩት የድንጋይ ቤቶች የተሠሩበት ገንዘብ የት እንደተፈተለ ማየት የፈለገ ሺፕሊ አጠገብ ሶልቴር ይሂድ። ታይተስ ሶልት በ1853 የከፈተው ፋብሪካ ዙሪያውን ካሉት የሠራተኛ ቤቶች ጋር እንዳለ ቆሟል፤ ከ2001 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

አቤት ለማን ይባላል ወደሚለው እንመለስ። ለንደን ሲኖሩ ቦሮው (የሰፈርዎ ካውንስል) ነበረ፣ ከላይ የለንደን ከንቲባ ነበሩ። እዚህም ቅርጹ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ላይ በብራድፎርድና በመንግሥት መካከል የዌስት ዮርክሻየር ካውንቲ ካውንስል ነበረ፤ በ1986 ፈረሰ። ሥልጣኑ ወደ ታች ስለወረደ ብራድፎርድ ዛሬ ሁሉንም ማለት ይቻላል ይሠራል፦ ቆሻሻ ማንሣት፣ መንገድና የመንገድ መብራት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የትምህርት ቤት ምደባ። እርስዎ የሚሠሩበት ቤት ውስጥ ካሉት አረጋውያን መካከል ወጪያቸውን ካውንስል የሚሸፍንላቸው ካሉ፣ የኢልክሊ ነዋሪ የነበሩት የሚከፈልላቸው ከዚያው ከብራድፎርድ ኪስ ነው። የሕፃናት ጥበቃ ብቻ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ለብቻው ለተቋቋመ ድርጅት ተሰጥቷል፤ ኃላፊነቱ ግን አሁንም ከካውንስሉ ጫንቃ አልወረደም።

ከሥሩ የኢልክሊ ታውን ካውንስል አለ። ይህን ከእኛ አገር ቀበሌ ጋር እንዳያምታቱት፤ መታወቂያ አይሰጥም፣ ነዋሪ አይመዘግብም። ስለ ግንባታ ፈቃድ አስተያየት ይሰጣል፣ አይወስንም። ከላይ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ብራድፎርድን፣ ሊድስን፣ ዌክፊልድን፣ ከርክሊስንና ኮልደርዴልን ያጣመረው የዌስት ዮርክሻየር ጥምር ባለሥልጣን ተቀምጧል። ለእርሱ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ከንቲባ ተመረጠለት፤ ትሬሲ ብራቢን በ2024 ድጋሚ አሸንፈዋል። ፖሊስን የሚመለከተው ሥልጣን የእሳቸው ነው። አውቶቡስም ወደ እሳቸው እየዞረ ነው፤ መሥመሩንና ዋጋውን ኩባንያዎቹ ሳይሆኑ ባለሥልጣኑ እንዲወስን በማርች 2024 ተወስኗል። ስለዚህ ማታ ከሥራ ሲወጡ አውቶቡሱ ቀረብኝ ብለው ለብራድፎርድ ቢጽፉ መልሱ «እኛን አይመለከትም» ነው።

የከንቲባ ብዛት እንዳያደናግርዎ። ኢልክሊ ከንቲባ አላት፤ ብራድፎርድ ከ1907 ጀምሮ ሎርድ ሜየር አላት፤ ዌስት ዮርክሻየርም አላት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰንሰለት አጥልቀው ሪባን የሚቆርጡ የክብር ሰዎች ናቸው። ብራድፎርድ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰንሰለት የሌለው ሰው ጋ ነው፤ የካውንስሉ መሪ ይባላል፣ የሚመርጡትም የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። አባላቱ 90 ናቸው፣ ከ30 ዋርድ (የምርጫ ሰፈር) ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት። የኢልክሊ ሦስቱ ካውንስለሮች የእርስዎ ናቸው። ቆሻሻዎ ሦስት ጊዜ ሳይነሣ ቢቀር መጀመሪያ በካውንስሉ ድረ ገጽ አስመዝግበው የጉዳዩን ቁጥር ይያዙ፤ ያ ካልሠራ ቁጥሩን ጠቅሰው ለአንዳቸው ኢሜይል ያድርጉ። በዚህ አገር ለካውንስለር መጻፍ ነውር ወይም ድፍረት አይደለም፤ ሥራቸው ነው።

አሁን ያንን የታክስ ወረቀት አምጡትና አብረን እንየው። በርካታ መሥመር አለው፦ ትልቁ ለብራድፎርድ ካውንስል፣ ለአዋቂዎች እንክብካቤ የተለየው ድርሻ፣ ከዚያ ለዌስት ዮርክሻየር ፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ፣ መጨረሻ ላይ ትንሿ ለኢልክሊ ታውን ካውንስል። ያቺን የመጨረሻዋን መሥመር መሀል ብራድፎርድ ያለ ሰው ወረቀቱ ላይ ላያገኛት ይችላል፤ አብዛኛው የከተማው ክፍል እንደ ኢልክሊው ያለ የራሱ ትንሽ ካውንስል የለውምና። እርከኑ ከኤ እስከ ኤች የሚወሰነው ቤቱ በኤፕሪል 1991 ሊያወጣ ይችል በነበረው ዋጋ ነው፤ አዎ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበረው። ቤቱ ውስጥ አዋቂ እርስዎ ብቻ ከሆኑ የ25 በመቶ ቅናሽ ይገባዎታል፤ ልጅዎ 18 ዓመት እስኪሞላው አይቆጠርም። ካልጠየቁ ግን ማንም አይሰጥዎትም፤ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ሂሳቡ ለምን ከበደ ለሚሉት፦ በ2025 የብራድፎርድ ካውንስል ድርሻውን 9.99 በመቶ ጨመረ። በመደበኛው ሕግ ካውንስሎች ሕዝበ ውሳኔ ሳይጠሩ ከ5 በመቶ በላይ መጨመር አይችሉም፤ ብራድፎርድ ልዩ ፈቃድ አግኝቶ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ ለሁለት የበጀት ዓመት በድምሩ 220 ሚሊዮን ፓውንድ «ልዩ የገንዘብ ድጋፍ» ተፈቅዶለት ነበር። ስሙ ድጋፍ ይሁን እንጂ ስጦታ አይደለም፤ የዕለት ወጪውን በብድርና ንብረት በመሸጥ እንዲሸፍን የተሰጠ ፈቃድ ነው። ተበድሮ ደመወዝ መክፈል በሉት። ከወጪው ውስጥ ከባዱ የሕፃናት ጥበቃ ነው።

ኢልክሊ ውስጥ ቁጣው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። «ከእኛ ይሰበሰባል፣ እዚያ ይወጣል» ይላሉ። እውነት አለው፤ ውድ ቤት ያለበት ሰፈር ብዙ ይከፍላል፣ ድህነት ያለበት ሰፈር ብዙ አገልግሎት ይፈልጋል። የኪትሊና ኢልክሊ የፓርላማ ተወካይ ሮቢ ሙር ወረዳው እንዲከፈል፣ ኪትሊና ሺፕሊም የራሳቸው ካውንስል እንዲኖራቸው ሲወተውቱ ቆይተዋል፤ ሕዝበ ውሳኔ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግም ለፓርላማ አቅርበው ነበር፣ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የእኔን ግምት ከጠየቁኝ በቅርብ የሚሆን አይመስለኝም። አገሪቱ የምትጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ጎረቤታችን የሰሜን ዮርክሻየር እኮ በ2023 ሰባት ትንንሽ ካውንስሎቹን አፍርሶ አንድ አድርጓል። ደግሞ ዕዳውን ማን ይካፈላል? ከጋራው ማዶ ያሉትን ሕፃናት መንከባከቢያ ማን ያዋጣል? ሺፕሊ ጠዋት ጠዋት ብራድፎርድ ወርዳ ትሠራለች፤ ሁለቱን ለመክፈል መሥመር ስጥ ብባል እርሳሴን የት እንደማሳርፍ አላውቅም። ስለ ዋርፍ ሸለቆ ብቻ ከሆነ ክርክሩ የተሻለ መሬት አለው።

ጋራው ራሱ የብራድፎርድ ካውንስል ንብረት መሆኑን ያውቁ ነበር? ኢልክሊ ሙር ከድሮው የኢልክሊ አስተዳደር በውርስ የመጣ ነው። ካውንስሉ በ2018 በዚያ መሬት ላይ የነበረውን የዱር ወፍ አደን ፈቃድ ሳያድስ ቀረ። ከሸለቆው ማዶ የተመረጡ ሰዎች የኢልክሊን ጋራ ዕጣ ሲወስኑ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም፤ ምንም እንኳ በውሳኔው የተደሰቱት ኢልክሊ ውስጥም ጥቂት ባይሆኑ።

ወንዙ ግን የካውንስሉ አይደለም። በዲሴምበር 2020 ኢልክሊ ላይ ያለው የዋርፍ ክፍል በእንግሊዝ የመጀመሪያው በይፋ የታወቀ የወንዝ መዋኛ ሆነ። ያንን ያመጡት የከተማው ነዋሪዎች ናቸው፤ ዝናብ ሲበዛ ከፍሳሽ መሥመሩ ያልተጣራ ቆሻሻ ወደ ወንዙ ስለሚለቀቅ፣ መዋኛ ተብሎ ከተመዘገበ ውኃው በየጊዜው መመርመር አለበትና። ምርመራው ሲመጣ ውጤቱ «ደካማ» ሆነ፤ ወንዙ ዳር «አይዋኙ» የሚል ምክር ተለጠፈ። የሚመረምረው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው፣ የፍሳሹ ባለቤት ዮርክሻየር ዋተር ነው። የሽታው አቤቱታ ለእነርሱ ይሂድ። ልጅዎ ውኃ ዳር መጫወት ቢወድ ከከባድ ዝናብ በኋላ ጥቂት ቀን ይከልክሉት።

ስለ ትምህርት ቤቱ፦ ማመልከቻው ሁልጊዜ የሚገባው አድራሻዎ ላለበት ካውንስል ነው፣ ማለትም ለብራድፎርድ። ኢልክሊ ግራማር ስኩልን ቢመርጡም፣ ኦትሊ ያለውን የሊድስ ትምህርት ቤት ቢመርጡም ቅጹ አንድ ነው፤ ካውንስሎቹ እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። «ግራማር» የሚለው ስም አያስፈራዎ፣ በመግቢያ ፈተና የሚመርጥ አይደለም። ለሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 31 ነው። ካለፈ ማመልከት ይቻላል፣ ነገር ግን በጊዜው ካመለከቱት በኋላ ነው የሚታየው፤ በከተማዋ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ ቦታው ቶሎ ያልቃል።

ስለ ምርጫ አልጠየቁም፣ ግን ልጨምር። የኢትዮጵያ ዜግነት ብቻ ያለው ሰው በካውንስል ምርጫም በከንቲባ ምርጫም ድምፅ መስጠት አይችልም፤ የኮመንዌልዝ አገር ዜጎች ይችላሉ፣ ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። የእንግሊዝ ዜግነት ካገኙ በካውንስሉ ድረ ገጽ ሳይሆን በመንግሥት ማዕከላዊ ገጽ ላይ ነው የሚመዘገቡት። እስከዚያው ድምፅ የለኝም ብለው ዝም አይበሉ፤ ለካውንስለር ለመጻፍ፣ የግንባታ ዕቅድ ላይ ተቃውሞ ለማስገባት፣ በታውን ካውንስሉ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ለመስማት ማንም ፓስፖርት አይጠይቅዎትም።